ለመኪና አረቄ ያወጣሁበት ዘመን

ዘንድሮ ከሥራዬ ወጣሁ። ጡረታ ብዬ አፌን ሞልቼ እንዳልናገር የስንብት ደብዳቤ የጻፈልኝ የለም፤ ያሰናበተኝ የዓይን ሐኪሙ ነው። «እማማ፣ ከእንግዲህ ጭስ ላይ ከተቀመጡ ቀሪ ዘመንዎን በሰው እጅ ተመርተው ነው የሚኖሩት» አለኝ። እኔም ቤቴ ገብቼ ማሰሮዎቼን አጠብኩ፣ መቃዎቼን ሰባብሬ ለማገዶ አደረግሁ፣ ምድጃውን በአፈር ደፈንኩ። ሦስት ቀን አለቀስኩ ብል ውሸት ነው። አንድ ቀን አለቀስኩ፣ በማግሥቱ እስከ ረፋድ ተኛሁ። ከተወለድኩ ጀምሮ እስከ ረፋድ ተኝቼ አላውቅም ነበርና ነገሩ ደስ አለኝ።

አረቄ አውጪ ነበርኩ። ሦስት ቦታ ሠርቻለሁ። መጀመሪያ ደብረ ማርቆስ፣ ያኔ መንቆረር ነበር የምንላት፣ በአሠሪዬ ቤት። ቀጥሎ በጠላት ዘመን በቁይ አገር፣ ከአርበኞች ጋራ። ከነጻነት በኋላ ደግሞ እንደገና ደብረ ማርቆስ፣ በገዛ ቤቴ። የመጨረሻው ከሁሉም የረዘመ ነው፤ ግን ብዙ የሚወራ የለውም። ለጠጪ ሸጥኩ፣ ለጤና ጣቢያው መርፌ ማጠቢያ አቀረብኩ፣ ልጆቼን አስተማርኩበት፣ አለቀ። የማወራችሁ የመካከለኛውን ነው።

ያስታወሰኝም ሬዲዮ ነው። አስተማሪዋ ልጄ ዜና ስትሰማ፣ ብራዚል በሚባል አገር መኪና ከሸንኮራ በሚወጣ አረቄ እንደሚነዳ ተናገረ። ልጄ «ወይ ጥበብ!» አለች። እኔ «ምን ጥበብ አለው? እኛ በቁይ ሜዳ ነድተነው የለም ወይ» አልኩ። ባሏን ቀና ብላ አየችው። የዓይኔ ሕመም ወደ ራሴ የወጣ መስሏት ይሆናል። እንግዲያው ከመጀመሪያው ልንገራችሁ ብዬ ተቀመጥኩ።

ወደ መንቆረር የመጣሁት ከዲማ ነው፤ ባሌን ፈትቼ፣ አንድ አቅማዳ ሽንብራ ይዤ። ወይዘሮ ትርንጎ የሚባሉ አረቄ አውጪ ሠራተኛ ይፈልጋሉ ሲሉኝ ሄድኩ። ዕድሜያቸው ሃምሳን ያለፈ፣ ቀጭን፣ ነጠላቸውን ሁልጊዜ በወገባቸው የሚያስሩ ሴት ናቸው። ስሜን ሳይጠይቁ «አፍንጫሽ ደኅና ነው?» አሉኝ።

«ደኅና ነው እሜቴ» አልኩ፤ ጉንፋን የጠየቁኝ መስሎኝ።

ሁለት ፍንጃል አረቄ አቀረቡልኝና «እስቲ አሽቺ። የትኛው ነው ሰው የሚያሳምም?» አሉ። አንደኛው አፍንጫዬን እንደ መርፌ ወጋኝ። እሱን አሳየሁ። «ግቢ» አሉኝ። ቅጥሬ ይኸው ነው።

እሜቴ ትርንጎ እጅግ ብዙ ልማድ ነበራቸው። አረቄ መንጠባጠብ ሲጀምር የመጀመሪያውን ፍንጃል ወስደው አጥር ሥር ይደፉታል። «ይኼ ራስ ምታት ነው፤ ለሰው አይሰጥም» ይላሉ። እሳት አያራግቡም። እንጨቱን አንድ ጊዜ ደርድረው ከዚያ በኋላ ጆሯቸውን ወደ ማሰሮው አስጠግተው ያዳምጣሉ፤ ድፍድፉ ቶሎ ቶሎ ካወራ አንድ ጉማጅ ይጎትታሉ፣ ዝም ካለ አንድ ይጨምራሉ። ማሰሮውና መቃው የሚጋጠሙበትን በሊጥ መርገው፣ በጣታቸው ዙሪያውን እየዳሰሱ ትንፋሽ የሚወጣበትን ይፈልጋሉ። መቀበያውን ቅል የሚያቀዘቅዘው ውኃ ለብ ማለቱን የሚያውቁት በእጅ አይደለም፤ ጎንበስ ብለው ጉንጫቸውን ያስነኩታል። «እጅ እሳት ለምዷል፤ ጉንጭ ግን አይዋሽም» ይሉኝ ነበር።

ከሁሉ በላይ ግን የሰው ምስክርነት አይቀበሉም። ጠጪ «ይኼስ እሳት ነው!» ብሎ ቢያወድስ አይሰሙትም። ከአሮጌ ሸማ ቁራጭ ቀደው አረቄው ውስጥ ነክረው ይለኩሱታል። ተራ አረቄ ከሆነ ሰማያዊው ነበልባል ይነድና ይጠፋል፤ ጨርቁ እርጥብ እንደሆነ ይቀራል። ሁለተኛ የወጣው፣ ዳግም የምንለው ከሆነ፣ ጨርቁ ጠርዝ ጠርዙን ይጠቁራል። «ጨርቁን ጠይቂው» ነበር ቃላቸው።

ጣሊያን መንቆረር ገብቶ ጋራዥ ከሠራ በኋላ አንድ አዲስ ደንበኛ መጣ። ሃብቶም ይባላል። ጣሊያኖች ከሐማሴን ያመጡት ሾፌር ነው፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ እጁ በዘይት የጠቆረ። በየቅዳሜው አንድ ጠርሙስ ዳግም ይገዛል፤ ግን አንድ ቀን ጠጥቶ አላየነውም፣ ትንፋሹም አይሸትም። አንድ ቅዳሜ ሳይመጣ ቀረና እኔ ወደ ጋራዡ ወሰድኩለት። ተቀብሎኝ ጠርሙሱን ከፈተና ያን የመሰለ ዳግም ጣሳ ላይ ዘረገፈው! ከዚያ ትናንሽ የነሐስ ብረቶች እየከተተ ያጥብበት ጀመር።

«ኸረ ግፍ ነው!» ብዬ ጮህኩ። «እኔ ሁለት ቀን ጭስ የጠጣሁበትን!»

ሳቀ። ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። «እኅቴ፣ ቤንዚን ሙጫ ይተዋል። ሙጫውን እንደ አረቄ የሚያጥብልኝ የለም» አለኝ። ቀጥሎ ከጣሳው ጥቂት ቀድቶ ወደ ሞተሩ ጨመረና ማኖቬላውን፣ ያን ጠማማ ማስነሻ ብረት፣ አዞረው። ሞተሩ አጓርቶ ተነሣ፣ ጥቂት ሄዶም ጠፋ። «አየሽ? በሰው ሆድ ብቻ አይደለም የሚነደው» አለኝ። ለእሜቴ ትርንጎ ስነግራቸው አላመኑኝም። በማግሥቱ ራሳቸው ሄደው አይተው አመኑ።

እያደር አርበኞች መንገዱን ይዘው ከአዲስ አበባ የሚመጣው ቤንዚን ይቆራረጥ ጀመር። በጋራዡ የቆሙት መኪናዎች ከሚሄዱት በለጡ። አንድ ቀን የጋራዡ ጣሊያን አለቃ ከአስተርጓሚ ጋራ ቤታችን መጣና ከእንግዲህ የምታወጡት አረቄ ሁሉ የጋራዡ ነው አለ። ሃብቶም አረቄ ሞተር ውስጥ ሲጨምር አይቶት ኖሯል። ማኅተም ያለበት ወረቀት ሰጠን፤ ለቀብድ ብሎም የወረቀት ገንዘብ ሰጠን፤ ገበያ ላይ የሚቀበለን ስላጣን የማሰሮ መክደኛ አደረግነው።

እሜቴ ትርንጎ ፈገግ ብለው «እሺ ጌታው» አሉት። በሩን እንደወጣ ወደ እኔ ዞሩ።

«ስመኝ፣ ሰው ማስከሬ ራሱ በቂ ኃጢአት ነው። አገር የሚያቃጥል መኪና ግን በእጄ አላጠጣም።»

«ታዲያ ምን ይሻላል እሜቴ?»

«እንጃ። እስቲ እሳቱን ልየው» አሉና ወደ ምድጃው ሄዱ። ማሰብ ሲፈልጉ እንዲያ ነው የሚያደርጉት።

በዚያው ሰሞን ሃብቶም መጣ። ፊቱ ከስቷል። ወታደር ጭኖ ሄዶ፣ የጫናቸው ሰዎች መንደር ሲያቃጥሉ መሪውን ይዞ ተቀምጦ አይቷል። «አደይ» አላቸው፤ በአገሩ ቋንቋ እናቴ ማለቱ ነው። «ከዚያ ቀን ወዲህ እህል አልወርድልህ አለኝ። መኪናዋን ይዤ እጠፋለሁ። ለአርበኞቹ እሰጣታለሁ። ግን ያለኝ ቤንዚን ከቁይ ብዙም አያልፍም። ከዚያ ወዲያ በአረቄ የምታስኬዷት እናንተ ናችሁ።»

እሜቴ ትርንጎ አንድ ጉማጅ ከእሳቱ ጎተቱ። «አንተ ቀድመህ ውጣ። እኛ በገበያ ቀን እንከተላለን» አሉት።

እንዳሉትም አደረግን። ማሰሮዎቹን በገለባ ጠቅልለን በሁለት አህያ ጫንን። ከከተማው መውጫ ላይ ወታደሩ አስቆመን። እሜቴ ትርንጎ ምንም ሳይደነግጡ ያን ማኅተም ያለበትን ወረቀት አውጥተው ሰጡት። አነበበና የጋራዡ ሠራተኞች መሆናችንን አይቶ በእጁ «እለፉ» አለን። ጥቂት ከራቅን በኋላ ሁለታችንም ሳቅ ያዘን፤ አህዮቹ ሳይቀሩ የሳቁ መሰለኝ።

ቁይ አገር ስንደርስ መኪናዋ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥ ቅጠል ለብሳ ቆማለች። ጠላት በዚያ ሰሞን የሚያደርገው አውድማና ጎተራ ማቃጠል ነበር፤ አርበኛውን በረኃብ ለማንበርከክ። የአካባቢው የጎበዝ አለቃ አሳቡ ጦር በመጣ ቁጥር የመንደሮቹን እህል ከዓባይ አፋፍ ወዳሉት ዋሻዎች ማሸሽ ነው። በአህያ ሳምንት የሚፈጀውን መኪናዋ በአንድ ቀን ትጨርሰዋለች። ሜዳው ደልዳላ ነው፤ በበጋ እርሻውን አቋርጣ ትሄዳለች። ቤንዚኑ ግን አልቋል።

እሜቴ ትርንጎ የሚያስፈልጋቸውን ተናገሩ፦ ብቅል፣ ጌሾ፣ እህል። እህል ሲሉ የቤተ ክርስቲያኑ መምህር መሪጌታ ጥበቡ ብድግ አሉ። ቅኔ አዋቂ፣ ቁጡ ሽማግሌ ናቸው።

«እህል ልታድኑ እህል ታቃጥላላችሁ? የነዳያንን እህል ነዳጅ ልታደርጉት?»

ያን ጊዜ ነዳጅ የሚለው ቃል እንደ ዛሬው በሰው አፍ አልገባም ነበር፤ ሰው ሁሉ ቃሉን እያጣጣመ አጉረመረመ። የእሜቴ ትርንጎን መልስ ሁሉም ጠበቀ።

«ልክ ብለዋል መሪጌታ» አሉ። «ሰው የሚበላውን አልነካም። አህያ የማይበላውን ስጡኝ።»

ሰው ተሳሳቀ። እሳቸው ግን ቁም ነገራቸው ነበር። በዚያ አገር እህል በጉድጓድ ይቀበራል። ጠላት በፈራ ሰው በችኮላ የተቀበረው ብዙው በክረምት ውኃ ገብቶበታል። እንዲከፈት አስደረጉ። የወጣው እህል ጠቁሯል፣ ሽታው ይሰነፍጣል፤ አህያ ቀርቦ አሽትቶ ፊቱን አዞረ። እሜቴ ትርንጎ ጎንበስ ብለው በእጃቸው ዘግነው አፍንጫቸው ድረስ አመጡና «ይኼ ነው የኔ» አሉ። መሪጌታ ጥበቡ ልብሳቸውን አራግፈው ተቀመጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእኛ ወገን ሆኑ።

ሥራው እንደ መንቆረሩ አልነበረም። ተራ አረቄ ሞተሩን አያስነሣም፤ ዳግም ያስለዋል እንጂ አያስኬደውም። ሦስተኛ ጊዜ አወጣን። መሪጌታ «ሣልስ» ብለው ስም አወጡለት። ሣልሱ ጨርቁን አቃጠለ፤ ሃብቶም ግን ራሱን ነቀነቀ። «አሁንም ውኃ አለበት። ከቤንዚን ጋራ ቢቀላቀል ይለያያል። ለማስነሻ ያስቀመጥኳት ጥቂት ቤንዚን አለችኝ፤ እንድትበረክት ልቀላቅላት እፈልጋለሁ።»

ከአረቄ ውስጥ ውኃ ማን ያወጣል? መላውን ያመጡት መሪጌታ ናቸው። «ኖራ» አሉ። «የመርጡለ ማርያም ግንብ የቆመበት ኖራ። ከዓባይ በረሃ ድንጋዩን አምጥታችሁ አንድዱት። የነደደ ኖራ ውኃ እንደ ጠማው ሰው ነው፤ ባገኘበት ይጠጣል።» ድንጋዩ መጣ፣ ነደደ። ቁርጥራጩን ጋን ውስጥ ደርድረን ሣልሱን አፈሰስንበት፣ አፉን በጭቃ ደፈንን። ጋኑ ሞቀ፤ ከውስጡ እንደ ድመት የሚያንኮራፋ ድምፅ ይሰማል። እሜቴ ትርንጎ ጆሯቸውን አስጠግተው «አንድ ቀን ከነሌሊቱ» አሉ። «እስኪበርድና ዝም እስኪል። ከዚያ አንድ ጊዜ አውጥተን ከኖራው እንለየዋለን።» እንዳሉት አደረግን። ጨርቁ ያን ጊዜ ሲለኮስ አመድ ብቻ ቀረ።

ሃብቶምም የራሱ ሥራ ነበረው። አረቄ ከቤንዚን ይልቅ በዛ ብሎ መግባት ስላለበት ጂግለሩን፣ ነዳጅ የሚንጠባጠብበት ቀዳዳ ያለውን ትንሽ ነሐስ፣ በእሜቴ ትርንጎ የስፌት ወስፌ እያዞረ አሰፋው። ጠዋት ብርድ ስለሚያስቸግር እኛ ውኃ አፍልተን በራዲያተሩ እንጨምራለን፤ የፈላ ውኃ የነካ ጨርቅም ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራቶር ላይ ይጠመጥማል።

የመጀመሪያው ቀን ይረሳኛል ብላችሁ ነው? መኪናዋ አስነጠሰች፣ አስነጠሰች፣ ከዚያ ተነሣች። ከኋላዋ የሚወጣው ጭስ የሠርግ ቤት ይሸታል። ሰዉ እልል እያለ ተከተላት፤ አንዳንዱ ጎረምሳ ከኋላ ተጠግቶ እየማገ ይሮጣል። መሪጌታ ከዘራቸውን አንሥተው «ሰው ሲጠጣው ይወድቃል፣ መኪና ሲጠጣው ይነሣል!» አሉ። ያ ቃል በአንድ ሳምንት አገር ለአገር ዞረ።

ችግሩ ሰዉም መጠጣት መፈለጉ ነው። የመኪናዋ አረቄ ያለባቸውን ቆርቆሮዎች የሚጠብቁት ሁለት ዘበኞች አንድ ከሰዓት በኋላ እየተቃቀፉ ሲዘፍኑ ተገኙ። እሜቴ ትርንጎ «ይኼ የሚጠጣ አይደለም፤ አንጀት ይልጣል!» ብለው ጮሁ። ዘበኞቹ ግን «የሚልጥ ከሆነ ደስ ብሎት ነው የሚልጠው» ብለው ሳቁ። በመጨረሻ መሪጌታ መስቀል የያዘ ቄስ አስጠርተው በሕዝብ ፊት አስገዘቱ፤ የመኪናዋን ድርሻ የቀመሰ ከምእመናን ይለይ ተባለ። ለአረቄ ግዝት ሲወጣ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ከዚያ ወዲያ አንድ ጠብታ አልጎደለም።

አሁን ደግሞ የማልወደውን ልንገራችሁ።

ከጥር አጋማሽ በኋላ የጠላት ጦር ሊወጣ ነው የሚል ወሬ መጣ። ሦስት መንደሮች በመንገዱ ላይ ናቸው። የመጀመሪያዋን በደኅና አሸሸን። ለሁለተኛዋ ነዳጅ አነሰ። እሜቴ ትርንጎ ኖራ ሊያስነድዱ ወደ አፋፉ መውረድ ስለነበረባቸው ጋኑን ለእኔ ተዉልኝ። «አንድ ቀን ከነሌሊቱ» አሉኝ። ብቻዬን ሲተዉኝ የመጀመሪያ ጊዜዬ ነበር፤ ኩራቱ ራሴ ላይ ወጣ።

ሰዎች እየመጡ «ደረሰ ወይ?» ይሉኛል። ጋኑ ገና ያንኮራፋል። ግማሽ ቀን ጠበቅሁና ጭቃውን ሰበርሁ። አወጣሁት፣ ጨርቅ ነከርሁ፣ ለኮስሁ። ነደደ፤ ግን አንድ ጠርዙ እርጥብ ሆኖ ቀረ። አየሁት። ጨርቁን አመድ ውስጥ ቀበርሁት። እሜቴ ትርንጎ ሲመለሱ «እንዴት ሆነ?» አሉኝ። «ነደደ» አልኩ።

ሃብቶም ከመጨረሻዋ ቤንዚን ጋራ ቀላቀለውና በማለዳ ወጣ። ያ ማለዳ ሣሩ በውርጭ የነጣበት ነበር። እኛም አብረን ተሳፈርን። ከመንደሪቱ በፊት አንዲት ዳገት አለች። መኪናዋ እኩሌታው ላይ አስነጠሰች፣ ሳለች፣ ቆመች። ማኖቬላውን ሃብቶም እስኪያልበው አዞረ፤ አልተነሣችም። የመንደሪቱ ሰዎች ስልቻቸውን ከመንገድ ዳር ደርድረው ከላይ ያዩናል። ከዚያ የተኩስ ድምፅ ተሰማ። ሰው ሕፃንና ሽማግሌ አዝሎ ሸሸ፤ ሰው አልሞተም፣ ተመስገን። እኛ መኪናዋን ገፍተን ወደ ገደሉ ሣር ደበቅናት። እህሉ ሲነድ ግን ተኝተን አየነው። የገብስ ጭስ ነጭ ነው።

ጦሩ ካለፈ በኋላ እሜቴ ትርንጎ ከመኪናዋ የነዳጅ ጋን ጥቂት በጠርሙስ አስቀድተው ድንጋይ ላይ አቆሙት። ከላይ ቀይ ቤንዚን፣ ከታች የጠራ ውኃ የመሰለ ነገር፤ በመካከላቸው እንደ ክር የቀጠነ መሥመር።

«ስመኝ፣ ጨርቁ ምን አለሽ?»

«አንድ ጠርዙ እርጥብ ነበር።»

«ለእኔስ ምን አልሽኝ?»

«ነደደ አልኩዎ።»

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልተቆጡም። «የዋሸሽው ለእኔ አይደለም። ሂጂና ለባለቤቶቹ ንገሪ» አሉ።

ሄድኩ። አንጓች የምትባል እኩያዬ የሆነች፣ ባሏ የሞተባት ሴት ከተቃጠለው ስልቻዋ አጠገብ ቁጭ ብላ ከአመዱ ውስጥ ያልነደደ ፍሬ ትለቅማለች። ሁሉንም ነገርኳት። እጇን ሳታቆም ሰማችኝ።

«ስንት መጠበቅ ነበረብሽ?» አለችኝ።

«አንድ ቀን ከነሌሊቱ።»

«አንቺስ ስንት ጠበቅሽ?»

«ግማሽ ቀን።»

«ለእኔ አንድ ሌሊት አጣሽልኝ?»

ቆሜ አለቀስኩ። ቆይታ ወንፊቱን ወደ እኔ ገፋችው። «በይ ተቀመጪና ልቀሚ። ቆሞ ማልቀስ እህል አይሆንም» አለችኝ። እስኪመሽ አብረን ለቀምን። ስንለያይ ደኅና ሁኚ አላለችኝም።

በማግሥቱ ጋኑን አጠብኩ፣ አዲስ ኖራ ደረደርሁ፣ ሣልሱን አፈሰስሁ፣ አፉን ደፈንሁ። ሰዎች መጥተው «ደረሰ ወይ?» ሲሉኝ ከጋኑ ሥር ተቀምጬ «አልደረሰም» እላለሁ። የጎበዝ አለቃው ራሱ መጥቶ «ጦሩ ነገ ይመለሳል፤ አውጪው!» ብሎ ተቆጣኝ። «ነገ ጠዋት ይደርሳል። ዛሬ ካወጣሁት አይደርስም» አልኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ትልቅ ሰው እምቢ ስል ነው። እሜቴ ትርንጎን ተመለከተ። እሳቸው «የጋኑ አለቃ እሷ ናት፤ እኔን አትጠይቀኝ» ብለው ሊጣቸውን ማቡካት ቀጠሉ።

ጋኑ ዝም አለ። አወጣሁት። ጨርቁን ለጎበዝ አለቃው ሰጠሁትና ራሱ ለኮሰ፤ በጣቱ ላይ አመድ ብቻ ቀረ። ቤንዚን ስለሌለን ሞተሩን በፈላ ውኃ ብቻ አሞቅነው። ተነሣች። የሦስተኛዋን መንደር እህል በሁለት ምልልስ ዋሻ አደረስነው፤ ሁለተኛው ጭነት ሜዳውን ሲያቋርጥ የጦሩ አቧራ ከበስተኋላችን ይታይ ነበር። ሃብቶም ያን ቀን በትግርኛ ዘፈነ። መሪጌታ ምን እንደሚል ጠይቀውት ሲተረጉምላቸው ፊታቸው ቀላ፤ ለእኛ ግን አልነገሩንም።

መሪጌታ በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ እህላቸው የተረፈላቸው ሁለቱ መንደሮች ለተቃጠለችው መንደር ዘር እንዲያካፍሉ ተናገሩ። አካፈሉ። እኔም ስልቻ ከተሸከሙት አንዷ ነበርኩ። አንጓች ተቀበለችኝ፣ ውኃ ሰጠችኝ። ዝናቡ በጊዜው ጣለ፣ ገብሱም በቀለ።

በኅዳር መጨረሻ፣ እኛ ማሰሮ ስናጥብ፣ አንጓች አንድ ስልቻ አዲስ ገብስ አዝላ መጣች። ከፊታችን ዘርግፋ ተቀመጠችና ላቧን ጠረገች።

«ምንድን ነው ይኼ?» አሉ እሜቴ ትርንጎ።

«ለመኪናዋ ነው።»

«ኸረ ልጄ፣ ይኼማ የሚበላ እህል ነው። ልጆችሽን አብይበት።»

«ልጆቼ ጠግበዋል። እኔ ለመኪናዋ ነው ያመጣሁት።» ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ራስሽ አውጪው። ስንት ቀን እንደሚፈጅ አውቃለሁ፤ እጠብቃለሁ።»

መሪጌታ ተጠሩ። የሚበላ እህል ለመኪና ይፈቀዳል ወይ ተብለው ተጠየቁ። ገብሱን አዩት፣ እሷን አዩዋት። «ባለ እህሏ ራሷ ከሰጠች እኔ ምን አገባኝ» አሉና ሳቁ።

ጠነሰስነው። አንጓች እየተመላለሰች ማሰሮውን ታዳምጣለች። ተራ፣ ዳግም፣ ሣልስ። ኖራው ላይ ሲፈስ ጋኑ ማንኮራፋት ሲጀምር ደንግጣ ወደ ኋላ አለች፤ ከዚያ ጆሮዋን አስጠጋች። አንድ ቀን ከነሌሊቱ ጠበቅን። ጨርቁን እሷ ለኮሰችው። አመድ ሆነ። «እኔ ደግሞ ብዙ ነገር ይቀራል ብዬ ነበር» አለች።

ሃብቶም ነዳጁን በመኪናዋ የነዳጅ ጋን ውስጥ አፈሰሰና የፊቱን በር ከፈተላት። እኔንም «ከጎኔ ተቀመጪ» አለችኝ። መንደሯ ድረስ ሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ሜዳውን ስናቋርጥ በሩን በሁለት እጇ ይዛለች። ዳገቷ ስትመጣ እኔ ዓይኔን ጨፈንሁ። ሃብቶም ማርሽ ቀየረ። መኪናዋ ጮኸች፣ ዘገመች፣ ዘገመች፣ እና ወደ ላይ ወጣች። ዓይኔን ስገልጥ የአንጓች እጅ በሩን ለቆ የኔን እጅ ይዟል።

ከላይ የመንደሩ ሰው ሁሉ ወጥቶ ይጠብቃል። አንዲት ጎረቤቷ ወደ መኪናዋ ሮጣ መጣችና «አንቺ አንጓች! መንገዱን ሁሉ በምን መጣሽው?» አለቻት።

አንጓች ነጠላዋን አስተካክላ ቀስ ብላ ወረደች።

«በእግሬ አልመጣሁም» አለች፤ «በእህሌ መጣሁ።»